ከአሜሪካ የመጡ ቅድመ አያት፦ ፍለጋው ከየት ይጀመራል?

ሰብለ ከአራት ኪሎ

ሰላም ለሁላችሁ። የእናቴ አያት በ1923 ዓ.ም. ግድም ከአሜሪካ የመጡ ጥቁር ሰው ናቸው። ቤተሰቡ «ሚስተር ሄንሪ» ብሎ ብቻ ነው የሚያውቃቸው፤ የአያቴም ወረቀት ሁሉ «አልማዝ ሄንሪ» ነው የሚለው። አንድ የሥራ ምስክር ወረቀት ብቻ «ሄንሪ ሪድ» ይላል። በባርነት የነበሩ ሰዎች ከእርሻ መሃል ተነሥተው ወደ አፍሪካ በረሩ የሚል ተረትም ለአያቴ ነግረዋታል። የትውልድ ቦታቸውንና ወላጆቻቸውን ብዙ ሳንከፍል ማግኘት እንችላለን? ተረቱስ ይጠቅማል?

ዶሮ ማነቂያ

ይቻላል። ግን ኢንተርኔት ከመክፈትሽ በፊት ቤት ያለውን ወረቀት ጨርሺ። በእኛ አገር ልጅ የሚጠራው በአባቱ የመጀመሪያ ስም ስለሆነ «ሪድ» በአንድ ትውልድ ጠፍቷል፤ በ«ሄንሪ» ብቻ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ሰው አይገኝም። የግብር ደረሰኝ፣ የጋብቻ ውል፣ የድሮ ፖስታ፣ ያለውን ሁሉ በስልክ አንሺ። የቆዩ ፎቶዎችን በደንብ እዪ፤ ብዙ ጊዜ በወፍራም ካርቶን ላይ ስለሚለጠፉ ከታች ጥጉ ላይ የፎቶ ቤቱ ስምና ከተማ ያለ ቀለም ተጫኖ ይገኛል። ወደ መስኮት አዘንብለሽ ስታዪው ይነበባል።

ቀጥሎ ዘመኑን ከእኛ ወደ ፈረንጅ ቀይሪ። እስከ ታኅሣሥ 22 ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ትደምሪያለሽ። ለማመሳከሪያ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 የጃንሆይ ንግሥ በፈረንጅ ኖቬምበር 2 ቀን 1930 ነው። (ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በፈረንጅ ነው።) የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ የተጀመረው ኤፕሪል 1930 ላይ ነው፤ ስለዚህ በእኛ 1923 ያልሽው ልክ ከሆነ እሳቸው ከመሳፈራቸው በፊት ተቆጥረው ሊሆን ይችላል። ቆጠራው 72 ዓመት ተዘግቶ ስለሚቆይ የ1930ው ከተከፈተ ቆይቷል።

ፋሚሊሰርች በሚባለው የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ተመዝግበሽ ፈልጊ። «ሪድ» በእንግሊዝኛ በብዙ ዓይነት ፊደል ይጻፋል፤ ሁሉንም ሞክሪ። የልደት ዓመቱን አምስት ዓመት ወደፊትም ወደኋላም አስፊው፤ ለቆጣሪው አከራይ ወይም ጎረቤት መልሶለት ሊሆን ስለሚችል ዕድሜው ግምት ነው። በማውጫው ብቻ አትተማመኚ፣ የእጅ ጽሑፉን ያነበበው ሰው ይሳሳታል። ዋናውን ገጽ ክፈቺው፤ የሰውየው፣ የአባቱና የእናቱ የትውልድ ቦታ ጎን ለጎን ተጽፏል።

የአንደኛው ዓለም ጦርነት የውትድርና መመዝገቢያ ካርድም አያምልጥሽ። የትውልድ ከተማን የሚጠይቀው የጁን 1917ቱ ነው፤ በሴፕቴምበር 1918ቱ ካርድ ላይ ይህ ጥያቄ የለም። የ1917ቱ የግራ ታችኛው ጥግ ተቀዶ ብታዪ የተበላሸ እንዳይመስልሽ። «ተመዝጋቢው የአፍሪካ ዘር ከሆነ ይህን ጥግ ቅደድ» የሚል ትእዛዝ እዚያው ላይ ታትሟል።

ስድስት ኪሎ

በዚህ ላይ ልጨምር። «አሜሪካዊ» የሚለውን እንዳለ አትቀበዪው። በዚያ ሰሞን ከሃርለም (የኒው ዮርክ የጥቁሮች ሰፈር) ከመጡት መካከል የካሪቢያን ተወላጆች ነበሩ። ረቢ አርኖልድ ፎርድ ከኒው ዮርክ ቢመጡም የተወለዱት ባርቤዶስ ነው፤ ያረፉት እዚሁ አዲስ አበባ በ1935። የ1930ው ቆጠራ የውጭ ተወላጅ የሆነ ሰው አሜሪካ የገባበትን ዓመት ስለሚመዘግብ እሱን አምድ እዪ። ባርቤዶስ ካለ መንገዱ ሌላ ነው፤ የጥምቀት መዝገብ፣ ከዚያ እንግሊዞች ከ1817 እስከ 1834 የያዙት የባሪያዎች መዝገብ።

የትውልድ ቦታው የአሜሪካ ደቡብ ግዛት ከሆነ በቆጠራዎቹ ወደኋላ ሂጂ፤ 1920፣ 1910፣ 1900። የ1900ው የተወለዱበትን ወር ሳይቀር ይነግርሻል። የ1890ውን ፈልገሽ አትድከሚ፣ ከ1921ዱ እሳት የተረፈው እፍኝ አይሞላም። ትልቁ ግድግዳ 1870 ነው፤ ከዚያ ወደኋላ በባርነት የነበሩት በስማቸው አይገኙም። በ1850 እና በ1860 በባርነት የነበሩት በጌታቸው ስም ሥር በዕድሜ፣ በፆታና በቀለም ብቻ ነው የተዘረዘሩት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተመሳሳይ ስም ያለውን ባለ እርሻ ይዞ «ጌታቸው ይህ ነው» ይላል። አይሆንም፤ ነፃ ከወጡ በኋላ የጌታቸውን ስም ያልያዙ ብዙ ናቸው። ይልቅ ከባርነት ነፃ ለወጡት የተቋቋመውን የፍሪድማንስ ባንክን መዝገብ እዪ፣ ከ1865 እስከ 1874። አንዳንዱ ደንበኛ ሲመዘገብ ወላጆቹን፣ እህት ወንድሞቹን፣ የቀድሞ ጌታውን ጭምር አስመዝግቧል።

እሪ በከንቱ

ተረቱን አትናቂው። የሚበሩ አፍሪካውያን ተረት በጆርጂያና በሳውዝ ካሮላይና ጠረፍ ደሴቶች፣ በጉላ ሕዝብ (እዚያ በባርነት የነበሩ አፍሪካውያን ዘሮች) ዘንድ በጣም የታወቀ ነው። በ1803 ሴንት ሳይመንስ ደሴት ላይ ኢግቦዎች (የምዕራብ አፍሪካ ሕዝብ) ለባርነት አንገዛም ብለው ወደ ውኃው ከገቡበት ታሪክ ጋርም ያያይዙታል። ካሪቢያንም ይተረታል፤ ስለዚህ ማስረጃ ሳይሆን የትኛውን አውራጃ አስቀድመሽ እንደምታዪ የሚጠቁም ነው።

አሁኑኑ ማድረግ ያለብሽ እናትሽን ቁጭ አድርጎ መቅዳት ነው። ሌሎች የጻፉትን ሳታነብቢላት፣ እንደሰማችው፣ ትርጉሙ የማይታወቅ ቃል ካለም እንዳለ። የመጽሐፉ ተረት ከቤታችሁ ተረት ጋር አንዴ ከተቀላቀለ መለየት አይቻልም። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በነፃ የለቀቃቸውን ከ2,300 በላይ ቃለ ምልልሶች እዪ፤ በ1936–38 ባርነትን ካዩ ሰዎች የተወሰዱ ናቸው። በአውራጃ ስም ፈልጊ። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ነጮች ስለነበሩ ተናጋሪው የቆጠበው ነገር እንዳለ እያሰብሽ አንብቢ።

ሌላው የቤት ስም ነው። ጉላዎችም እንደኛ ለልጅ የቤት ስም ያወጣሉ፣ ቆጣሪው እሱን ጽፎት ሊሆን ይችላል። በ1900 «ሄንሪ» ከጠፋ በወላጆቹና በወንድም እህቶቹ ስምና ዕድሜ አመሳክሪ።

ሰብለ ከአራት ኪሎ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እዚህ ከተማ ውስጥስ የሚታይ ነገር አለ?

ዶሮ ማነቂያ

ወመዘክርና ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሂጂና የዘመኑን ጋዜጦች፣ በተለይ «ብርሃንና ሰላም»ን ጠይቂ። ወሩን ሳታጠቢ አትሂጂ፤ ገጽ በገጽ ስለሚነበብ ቀኑ ያልቅብሻል። ፓስፖርት ከ1925 ወዲህ ያለው ኦንላይን የለም፣ አሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው የሚጠየቀው። አዲስ አበባ የነበረው የአሜሪካ ሌጋሲዮን (የዲፕሎማት ጽሕፈት ቤት) ወረቀት ደግሞ ሜሪላንድ፣ ኮሌጅ ፓርክ ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት በመዝገብ ቡድን 84 ሥር ይገኛል። ስትጽፊላቸው ሙሉ ስሙን በሁሉም አጻጻፍ፣ ዘመኑን በፈረንጅ አድርጊው።