በአንድ ባንክ ቤት ያለቀ ፊልም «ርካሽ» ይባላል?

የማታ ተመልካች፦ «ካሽ ኦን ዲማንድ» የሚባለውን የእንግሊዝ ፊልም እዩ ብዬ ብጋብዝ፣ «ቀጥተኛው» ትናንት የሰጠው መልስ አናዶኛል። «አንድ ክፍል ውስጥ የታጎረ ቲያትር ነው። እንዲህ ያለ ርካሽ ፊልም ለማስቀመጥ የሕዝብ የፊልም ማኅደር ሳንቲም ማውጣት የለበትም» አለ። ሐመር የሚባለው የእንግሊዝ ፊልም ኩባንያ ሥራ ነው፤ በፈረንጆቹ 1961። ጥቁርና ነጭ ነው፣ በጀቱም ትንሽ። ታሪኩ ከባንኩና ከደጁ አይርቅም። እኔ ግን ትንፋሼን ይዤ ነው የጨረስኩት። ምኑ ነው ርካሹ?

ቀጥተኛው፦ ቃሌን አላጥፍም። ታሪኩ መጀመሪያ የቴሌቪዥን ድራማ ነበር። ዳይሬክተሩ ኩዌንቲን ሎውረንስም የቴሌቪዥን ሰው ነው። ሁለት ሰዎች ቢሮ ተቀምጠው ያወራሉ፣ አለቀ። ይሄ ቲያትር ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

አርታኢዋ፦ «ያወራሉ»? ፒተር ኩሺንግ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነው። የፈረንጆች ገና ደርሷል። አንድሬ ሞሬል የኢንሹራንስ መርማሪ ነኝ ብሎ ይገባል፣ ቢሮው ውስጥ እንደ ቤቱ ይቀመጣል። ከዚያ ስልክ ይመጣል። የሥራ አስኪያጁ ሚስት ድምፅ ነው፤ እንግዳው ለካ ዘራፊ ነው። እሷና ልጁ ታግተዋል፤ ባንኩን ራሱ ካላዘረፈ አለቀላቸው። ያን ጊዜ የኩሺንግ ፊት ላይ የሚሆነውን ቲያትር ቤት ኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው ያየዋል? ያሳየን ካሜራው ነው። ሲኒማ ማለት ይሄ ነው።

ጡረተኛው የባንክ ሰው፦ ልጆቼ፣ እኔ ዕድሜዬን ባንክ ነው የጨረስኩት። እንደዚህ ያለ አለቃ አውቃለሁ። ገና በሩን ሲከፍት ሠራተኛው ሁሉ ወረቀቱ ላይ ያቀረቅራል። ፒርሰን የሚባለውን የበታቹን ለአንዲት ስህተት ከሥራ አባርርሃለሁ ይለዋል። በኋላ ግን የገዛ ዕጣው በዚያው በፒርሰን እጅ ይወድቃል። የተዘረፈው 93,000 ፓውንድ ለኔ ትንሹ ነገር ነው። የሰውየው ኩራት ሲፈርስ ነው ያየሁት።

ቀጥተኛው፦ ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ። ግን እርስዎ ስለ ባንክ ነው የነገሩን፣ እኔ የምለው ስለ ሲኒማ ነው። እንግሊዞች በ1927 ሕግ አውጥተው ሲኒማ ቤቶችና አከፋፋዮች የአገር ውስጥ ፊልም በኮታ እንዲይዙ አስገደዱ። ምን ተገኘ? የአሜሪካ አከፋፋዮች ኮታ ለመሙላት ብቻ በጥድፊያ ፊልም አሠሩ። ሒሳቡም በርዝመት ነበር፣ ለአንድ ፉት (30 ሳንቲ ሜትር ገደማ) የፊልም ጥቅል አንድ ፓውንድ ገደማ። በ1938 ሕጉ ሲሻሻል ዝቅተኛ ወጪ ተደነገገ። መንግሥት ራሱ ፊልሞቹ ርካሽ መሆናቸውን አይቷል ማለት ነው።

ለንደን ያለሁት፦ የ1961ን ፊልም ለመክሰስ 1927 ድረስ ከሄድክ አይቀር፣ ታሪኩን ጨርሰው። ታዋቂው የእንግሊዝ ዳይሬክተር ማይክል ፓወል ሙያውን ያፍታታው በዚያ ኮታ ነው። የ1931ዱ ፊልሙ «ቱ ክራውድድ አወርስ» አጭር የወንጀል ፊልም ነበር። ዛሬ አንድ ቅጂ አይታወቅም። የብሪታንያ ፊልም ኢንስቲትዩት በ2010 አጥብቆ የሚፈልጋቸውን 75 የጠፉ ፊልሞች ሲዘረዝር እሱንም አስገብቶታል። ያኔ የሚያስቀምጠው ቢገኝ ዛሬ ፍለጋ ባልተገባ።

ቀጥተኛው፦ የምትፈልጉት ፓወል በኋላ ትልቅ ሰው ስለሆነ ነው። ኩዌንቲን ሎውረንስ ፓወል አይደለም።

አርታኢዋ፦ ማን ትልቅ እንደሚሆን በ1931 ማን ያውቅ ነበር? ማኅደር የሚያስፈልገው ለዚህ እኮ ነው! ቀድሞ ማንም አይፈርድም። ይቀመጥ፣ በኋላ እናያለን።

ቀጥተኛው፦ ሁሉም ይቀመጥ ካልሽ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ይሄን ማንም አልመለሰልኝም።

የሆልምስ ወዳጅ፦ ሁላችሁም ኩሺንግ ኩሺንግ ትላላችሁ። ፊልሙን የተሸከመው ሞሬል ነው። በ1959 በሌላ ፊልም ኩሺንግ የልቦለዱን መርማሪ ሼርሎክ ሆልምስን፣ ሞሬል ደግሞ ባልደረባውን ዋትሰንን ሆነው ሠርተዋል፤ ያኔም ሞሬል ዋትሰንን ሞኝ አላደረገውም። እዚህ ደግሞ ድምፁን ሳያነሳ ሰው ያስጨንቃል።

ጡረተኛው የባንክ ሰው፦ ልክ ነህ ልጄ፣ ሞሬል ግሩም ነው። ግን የሚፈራ ሰው ከሌለ አስፈሪው ምን ይሠራል? እኔ በኩሺንግ አልደራደርም።

የሆልምስ ወዳጅ፦ እኔም በሞሬል፣ ጋሼ።

ለንደን ያለሁት፦ ቀጥተኛው፣ አንድ ጥያቄ መልስልኝ። የትኛውን ቅጂ ነው ያየኸው? እዚህ እንግሊዝ አገር የወጣው በ1963 ነው፣ ያውም አሳጥረውት። በትዕግሥት የተገነባ ጭንቀት ነው የቆረጡት።

ቀጥተኛው፦ አጭሩን። ረጅሙም ቢሆን ከዚያው ቢሮ አይወጣም።

የማታ ተመልካች፦ አይወጣም፣ መውጣትም የለበትም! ሰውየው መውጫ አጥቶ እኮ ነው የሚጨነቀው። ሙሉውን እይና ተመለስ።

ቀጥተኛው፦ አየዋለሁ። ገንዘቡ ከየት ይመጣል ያልኩትን ግን እናንተም መልሱ።