ካፖይራን በ33 ዓመት ዕድሜ ለመጀመር አስባለሁ፤ ምክራችሁን እሻለሁ

መምህር ከቆላ፦

ጤና ይስጥልኝ። እኔ በሸዋ ሮቢት ተወልጄ ያደግሁ፣ ላለፉት ስድስት ዓመታት ደግሞ በደብረ ብርሃን በመምህርነት የምሠራ የ33 ዓመት ሰው ነኝ። በምኖርበት ሰፈር አጠገብ ባለ አዳራሽ ጥቂት ወጣቶች ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ እየተሰባሰቡ ካፖይራ የተባለውን፣ በዜማ የሚታጀበውን የብራዚል የፍልሚያ ጨዋታ ይለማመዳሉ። የመማሪያ ክፍያ አይጠይቁም፤ ለአዳራሹ ጽዳትና ለመሣሪያ መጠገኛ ብቻ በየወሩ ትንሽ ገንዘብ ያዋጣሉ። አንድ ቀን በመስኮት ቆሜ ስመለከት ሁለት ልጆች መሐል ገብተው አንዱ እግሩን ሲሰነዝር ሌላው ዝቅ ብሎ ሲያመልጥ፣ የቀሩት ክብ ሠርተው ሲያጨበጭቡና የአውጪውን ዜማ ሲቀበሉ፣ አንዷ ልጅ ደግሞ ቅል የታሰረበትን ባለ አንድ አውታር ቀስት በቀጭን ዘንግ ስትመታ አየሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልቤ እዚያው ቀርቷል።

ሆኖም ሦስት ነገሮች ያሳስቡኛል። የመጀመሪያው አካሌ ነው፤ ስፖርት ከተውሁ ዘመናት ያለፉ ሲሆን ከአራት ዓመት በፊት የግራ እጄ አንጓ ወልቆ በወጌሻ ታሽቶ ድኗል። ሁለተኛው፣ ከልጆቹ መካከል ሁለቱ በክፍል የማስተምራቸው ተማሪዎቼ መሆናቸው ነው። ሦስተኛውና እጅግ የከበደኝ ግን የእናቴ ነገር ነው። ጀማሪዎች የወገብ ገመድ የሚቀበሉበት ሥርዓት «ባቲዛዶ» እንደሚባል፣ ትርጉሙም ጥምቀት እንደሆነ ብነግራት «ልጄ፣ በአንዲት ጥምቀት እናምናለን እያልን ነው የምንጸልየው፤ ሌላ ጥምቀት ከየት መጣ?» ብላ ጠየቀችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

የቅል ድምፅ፦

መምህር፣ በአዲስ አበባ ዘጠኝ ዓመት ያህል ተለማምጃለሁና ከሁሉ አስቀድሜ የእናትዎን ጥያቄ ልመልስ። የጠየቁት ተገቢ ነገር ነው፤ ብዙ አሠልጣኞች ግን ዝም ብለው ያልፉታል።

ባቲዛዶ የፖርቱጋልኛ ቃል ነው፤ ትርጉሙም በእርግጥ ጥምቀት ነው። በካፖይራ ግን ውኃ የለውም፣ የሃይማኖት ቃል ኪዳንም አይገባበትም። ጀማሪው በሰው ፊት ከአንድ መምህር ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ክቡ ውስጥ ገብቶ ይጫወታል፣ የመጀመሪያውን የወገብ ገመድ ይቀበላል፣ ብዙ ጊዜም የቅጽል ስም ይወጣለታል። ሥርዓቱ የመጣው ሜስትሪ (መምህር ማለት ነው) ቢምባ በ1932 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በብራዚሏ ሳልቫዶር ከተማ ትምህርት ቤት ከፍተው ካስፋፉት «ሬጂዮናል» ከሚባለው ስልት ነው። ሜስትሪ ፓስቲኛ በ1941 ማእከል ያቋቋሙለትን «አንጎላ» የተባለውን ስልት የሚከተሉ ብዙ ቡድኖች ግን ገመድም ባቲዛዶም የላቸውም። ስለዚህ ልጆቹ የትኛውን እንደሚከተሉ አስቀድመው ይጠይቋቸው። ሬጂዮናልም ቢሆን ገመድ ሳይቀበሉ ለዓመታት መለማመድ ይቻላል፤ እኔ በማውቃቸው ቡድኖች እንዲህ ያደረገን ሰው ያስገደደ የለም።

አንድ ነገር ግን አልደብቅዎትም። ከዘፈኖቹ አንዳንዶቹ የካቶሊክ ቅዱሳንን፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙት ሰዎች ይዘውት የሄዱትን አምልኮ ስሞች ያነሣሉ። ይህም የመጣው ካፖይራን የወለዱት እነዚያው የተጋዙት ሰዎችና ልጆቻቸው በመሆናቸው ነው፤ ሐዘናቸውም፣ እምነታቸውም፣ የጌቶቻቸው ቋንቋም በዜማው ውስጥ ተቀላቅሎ ቀርቷል። በብራዚል ባርነት በ1888 በአዋጅ ከቀረ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1890 የወጣው የወንጀል ሕግ ካፖይራ የሚጫወትን ሰው የሚያሳስር ሆነ። ያ የተከለከለ ክብ በ2014 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። እኔ የእያንዳንዱን ዘፈን ትርጉም እጠይቃለሁ፤ ከእምነቴ ጋር የማይሄደውን ሳልቀበል አጨበጭባለሁ እንጂ ክቡን ትቼ አልወጣም። እናትዎንም አንድ ቅዳሜ ይዘዋቸው ሄደው በዓይናቸው ቢያዩ ከእኔ ማብራሪያ ይልቅ ይረዳቸዋል ብዬ አምናለሁ።

የአካል ሕክምና ባለሙያ፦

ስለ አንጓዎ ብቻ እናገራለሁ። በወጌሻ መታሸቱ ሕመሙን አስታግሦት ይሆናል፤ አጥንቱ በትክክል መግጠሙን የሚያሳየው ግን ራጅ ነውና ከመጀመርዎ በፊት አንድ ጊዜ ይነሡ። ከዚያም በአራት እግር እንደሚሄድ ሕፃን መዳፍዎን መሬት ላይ አድርገው ክብደትዎን ቀስ በቀስ ወደ ግራ እጅዎ ያዘንብሉ። ከታመመዎት «አው» የሚባለውን፣ በእጅ ተመርኩዞ እግርን ወደ ላይ እያዞሩ መገልበጥን፣ ለጊዜው ይተዉት። «ኔጋቲቫ»ም ወደ መሬት ወርዶ በእጅ መደገፍን ስለሚጠይቅ ለአሠልጣኙ አስቀድመው ይንገሩት። በአንጻሩ እግርን እያፈራረቁ ወደ ኋላ የሚወዛወዙበት መሠረታዊ እርምጃ «ጂንጋ» እና ቁጢጥ ብሎ ጭንቅላትን የሚሸፍኑበት «ኮኮሪኛ» አንጓን እምብዛም አያስጨንቁም፤ ጀማሪ የመጀመሪያዎቹን ወራት የሚያሳልፈውም በአብዛኛው በእነርሱ ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጩ ሲበረታ የሲሚንቶ ወለል ከሰዓት በኋላም ቀዝቃዛ ይሆናልና ቢያንስ ሩብ ሰዓት ሰውነትዎን ሳያሟሙቁ እግር እንዳይሰነዝሩ።

የጠባሴ እናት፦

ወንድም ዓለም፣ እኔ የጀመርሁት በ41 ዓመቴ፣ ሁለት ልጆች ወልጄ ነው፤ አሁን ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ስለ ተማሪዎችህ የተጨነቅኸው ስለሚገባኝ ልነግርህ የምፈልገው አለኝ። መጀመሪያ ያስተማረችኝ የጎረቤቴ ልጅ፣ የ19 ዓመት ወጣት ነበረች። ጂንጋን ስታሳየኝ «ቀኝ እግርሽ ወደ ኋላ ሲሄድ ቀኝ ክንድሽ ፊትሽን ይሸፍን» እያለች ክንዴን በገዛ እጇ ታነሣው ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከዚያች እርምጃ አልወጣሁም፤ እግሬ ሲሄድ እጄ ይረሳል፣ እጄ ሲታወስ ምቱ ያመልጠኛል። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን አልሳቀችብኝም፤ ከአዳራሹ ወጥተን መንገድ ላይ ስንገናኝ ደግሞ እንደ ወትሮው ጎንበስ ብላ ሰላም ትለኛለች። ተማሪዎችህም አዳራሹ ውስጥ ቢያርሙህ፣ ሰኞ ክፍል ስትገባ ከመቀመጫቸው መነሣታቸው አይቀርም።

የምመክርህ ነገር ቢኖር፣ መገልበጡን እያየህ አትቸኩል። ወጣቶቹ የሚጓጉት ለእርሱ ነው፤ ጨዋታው ያለው ግን ዓይንን ከባላጋራ ላይ ሳያነሡ በቤሪምባው፣ ማለትም ቅል በታሰረበት በዚያ ባለ አንድ አውታር ቀስት፣ ምት በመሄድ ላይ ነው። ቤሪምባው ሲዘገይ ትዘገያለህ፣ ሲፈጥን ትፈጥናለህ። በሆያ ሆዬና በሠርግ ቤት አውጪን እየተቀበልን ስላደግን ጭብጨባውና መቀበሉ ለእኛ እንግዳ አይሆንም፤ እኔ ወደ ክቡ መሐል ለመግባት የደፈርሁት ጆሮዬ ከለመደ በኋላ ነው። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ከሆነም ለአሠልጣኙ ንገረው፤ እኛ ዘንድ በዚያ ወቅት ልምምዱ ይቀልና ጊዜው ለዘፈንና ለመሣሪያ ይሰጣል።

መምህር ከቆላ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ራጅ ተነሥቼ አጥንቱ ደህና መሆኑ ተነግሮኛል። እናቴም ባለፈው ቅዳሜ አብራኝ መጥታ ከግድግዳው ሥር ወንበር ላይ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው ተመለከተች። ስንወጣ ስለ ጥምቀቱ ምንም አላነሣችም፤ «ያ ቅል የቆላ ቅል ይመስላል፤ ከእኛ ጓሮ ይሻላል» ብቻ አለችኝ። ልጆቹ ያላቸው ቤሪምባው አንድ ብቻ፣ እርሱም የተሰነጠቀ ስለሆነ ለፋሲካ ሸዋ ሮቢት ስወርድ ቅል ላመጣላቸው አስባለሁ። ምን ዓይነቱን ልምረጥ?

የቅል ድምፅ፦

ክብ የሆነውን፣ ልጣጩ ጠንካራ የሆነውንና በሐረጉ ላይ እያለ በደንብ የደረቀውን ይምረጡ፤ በጣት ሲያንኳኩት ጥርት ያለ ድምፅ ይስጥ። ክቡ የሚመራው በሦስት ቤሪምባው ነውና ቢቻል ትልቅ፣ መካከለኛና ትንሽ አድርገው ሦስት ያምጡ፤ ትልቁ «ጉንጋ» ለሚባለው፣ ትንሹ «ቪዮላ» ለሚባለው ይሆናል። አፉን እዚያው አይቁረጡት፤ የሚያርፈው በተጫዋቹ ሆድ ላይ ስለሆነና ድምፁም ሆድ ላይ ሲገጥምና ሲለቅ ስለሚለወጥ መጠኑን ከቀስቱ ጋር እያያችሁ ብትወስኑ ይሻላል። ሽቦውን ከአሮጌ የመኪና ጎማ ጠርዝ አውጥታችሁ በአሸዋ ወረቀት አጽዱት፤ እኛም ያዘጋጀነው እንዲሁ ነው።