ገና እየተዋወቅን ነው፤ በቴሌግራም ስጽፍላት ኢሞጂ ልጠቀም ወይስ ይቅርብኝ?

አራት ነጥብ (አዲስ አበባ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 34 ሲሆን በሒሳብ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። በአንዲት የሥራ ባልደረባዬ አማካይነት ከተዋወቅኋት ሴት ጋር ቦሌ አካባቢ ተገናኝተን ቡና ከጠጣን ወዲህ፣ ሁለታችንም ሥራ ስለሚበዛብን፣ ከመገናኘቱ ይልቅ በቴሌግራም መጻጻፉ አመዝኗል። እኔ ስጽፍ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፤ በአራት ነጥብም እዘጋዋለሁ፤ ኢሞጂ ከዚህ በፊት ተጠቅሜ አላውቅም ማለት ይቻላል። እርሷ ግን ከእያንዳንዱ መልእክቷ ጋር አንድ ወይም ሁለት ታስከትላለች፤ አብዛኛውን ጊዜ እንባ እስኪወጣው የሚስቀውን ፊት፣ አልፎ አልፎ ጉንጩ የቀላውን ፈገግታ ትልካለች። አንድ ጊዜ ደግሞ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ልብ ደርድራ ላከችልኝ።

ታናሽ እህቴ መልእክቶቼን አይታ «ከባንክ የሚላክ ማሳሰቢያ ይመስላሉ፤ ልጅቷ ከሒሳቧ ገንዘብ የተቀነሰባት እንዳይመስላት» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ በድንገት ልብና አበባ መደርደር ብጀምር የማላውቀውን ሰው ለመምሰል የምጣጣር ይመስለኛል። ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ፦ ኢሞጂ አለመጠቀሜ ግድየለሽ ያስመስለኛል? ልጠቀም ካልኩስ ለዚህ ደረጃ የሚመጥነው የትኛው ነው? በተጨማሪም ሰሞኑን ስለ አባቴ ሕመም ረዘም አድርጌ ስጽፍላት፣ መልእክቴ ላይ የተጋጠሙትን ሁለት እጆች ብቻ አስቀምጣ ዝም ብላለች። ይህን እንዴት ልረዳው?

የጎፋ ልጅ፦

ሰላም ወንድሜ። እንደ ሴት አንባቢ ልመልስልህና፣ ኢሞጂ የማይጠቀም ወንድ ሁሉ ግድየለሽ ነው ብላ የምትደመድም ሴት ብዙ አትመስለኝም። እንዲያውም የሚያሠጉን በተዋወቁ በማግሥቱ ቀይ ልብና የሚስም ፊት የሚደረድሩት ናቸው፤ ያንኑ ልብ በዚያው ምሽት ለስንት ሰው እንደላኩት አይታወቅምና። አንድ ሰው ባለፈው የነገርኩትን አስታውሶ «ያ ስብሰባሽ እንዴት ሆነ?» ብሎ ከጠየቀኝ፣ ፈገግታው ቢቀርም ቅር አይለኝም።

ችግር የሚመጣው አንድ ቃል በሁለት መንገድ ሊነበብ ሲችል ነው። «ነገ ሥራ ገጥሞኛል፤ ለሌላ ቀን ብናደርገውስ?» ብላ ጻፈችልህ፣ አንተም «እሺ። ችግር የለውም።» ብለህ መለስህላት እንበል። ፊት ለፊት ብትሆኑ ኖሮ ድምፅህ ይነግራት ነበር። በጽሑፍ ሲሆን ግን ይህ መልስ ምንም ያልመሰለው ሰው መልስም፣ አኩርፎ ነገሩን የዘጋ ሰው መልስም ሊሆን ስለሚችል፣ እርሷ «ተቀይሞኝ ይሆን?» ስትል ታመሻለች። እዚህ ላይ አንዲት ፈገግታ ብትጨምር ነገሩ ይለይላታል። ከዚያም የሚሻለው «ችግር የለውም፤ ሐሙስ ወይስ ዓርብ ይመችሻል?» ማለት ነው፤ ይህኛው ያለ ኢሞጂም ይሠራል። ስለዚህ ለጌጥ ሳይሆን ቃልህ ደረቅ መስሎ ሊነበብ በሚችልበት ቦታ ብቻ ተጠቀምበት ባይ ነኝ። ለጊዜው ጉንጩ የቀላው ፈገግታና የሚስቀው ፊት ይበቁሃል። ጥቅሻውን ግን ተወው፤ ከአንድ ቡና በኋላ የሚጠቅስ ሰው ደስ አይልም።

ስለ ሦስቱ ልቦች ደግሞ የተላኩበትን ቀን ተመልከት። የዓድዋ በዓል ወይም ብሔራዊ ቡድናችን የተጫወተበት ዕለት ከሆነ የላከችልህ ሰንደቅ ዓላማ ነው፤ የፍቅር መግለጫ አድርገህ አትቁጠረው። በእንቁጣጣሽ የሚላከው ቢጫ አበባም እንዲሁ ነው፤ ለአክስቷም ለአለቃዋም ትልከዋለች።

የተጋጠሙት እጆች እኛ ዘንድ ጸሎት ናቸውና ክፉ ነገር አልታሰበብህም። ስለ ሕመም ሲጻፍላቸው ምን ብለው እንደሚመልሱ የሚጠፋቸው ብዙ ሰዎች አሉ። በማግሥቱ አባትህ እንዴት እንዳደሩ መጠየቅ አለመጠየቋ የበለጠ ይነግርሃል። እግዚአብሔር ይማርልህ።

ኮድ ጸሐፊ (ባሕር ዳር)፦

ጠያቂያችን ከአሠራሩ በኩል ሊያውቁት የሚገባ ነገር ስላለ እርሱን ልጨምር። ኢሞጂ ከጃፓን የመጣ ነው፤ ኤንቲቲ ዶኮሞ የተባለው የስልክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 ለደንበኞቹ 176 ጥቃቅን ምስሎችን አቀረበ፤ በ2010 ደግሞ ኢሞጂዎች የእኛን ፊደል ጨምሮ የዓለምን ጽሕፈቶች በሚይዘው በዩኒኮድ ውስጥ ተካተቱ። ዩኒኮድ የሚወስነው የእያንዳንዱን ምልክት ቁጥርና ስም ነው፤ ሥዕሉን ግን እያንዳንዱ ኩባንያ በራሱ እጅ ይሥለዋል። በዚህ የተነሣ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በ2016 ባወጡት ጥናት፣ ዓይኖቹን ጨፍኖ የሚስቀው አንዱ ፊት በጉግል ሥዕል ሲታይ ደስታ፣ በአፕል ሥዕል ሲታይ ግን ጥርሱን ነክሶ የተቆጣ ሰው መስሎ ይነበብ እንደነበር አሳይተዋል። አፕልም በዚያው ዓመት ሥዕሉን ለውጦታል። ዛሬ ሥዕሎቹ በጣም ተቀራርበዋል፤ ነገር ግን የቆየ ስልክ ላይ አዲስ ኢሞጂ ባዶ ሳጥን ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

ከሁሉ በላይ ልብ ሊሉት የሚገባው ግን ይህ ነው። በቴሌግራም ቀይ ልብን ከጽሑፍ ጋር ከላኩት ከፊደሉ ጋር እኩል ሆኖ ይቀመጣል፤ ብቻውን ከላኩት ግን ገጹ ላይ ገዝፎ መምታት ይጀምራል። ላኪው «መልካም ቀን» ለማለት ያህል የላካት ልብ ተቀባይዋ ዘንድ ስትደርስ ሌላ ነገር ትሆናለች። በመልእክት ላይ የሚቀመጠው ምልክትም የራሱ ጣጣ አለው፤ መልእክቱን ሁለት ጊዜ መታ መታ ሲያደርጉት አስቀድሞ የተመረጠው ምልክት ወዲያውኑ ይለጠፍበታል። ታክሲ ውስጥ ተጣብቦ ስልኩን የሚነካካ ሰው ሳያስበው ልብ ሊያስቀምጥ ይችላል። ከአንዲት ልብ ተነሥተው ሌሊቱን ሙሉ ትርጉም የሚፈልጉ ጓደኞች ስላሉኝ ነው ይህን የምጽፈው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

እዚህ አሜሪካ ጉዳዩ ተጠንቶበታል። በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የኪንዚ ተቋም ተመራማሪዎች በ2019 ፕሎስ ዋን በተሰኘው መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ሁለት ክፍል ያለው ሲሆን፣ በአንደኛው ብቻ ከ5 ሺሕ በላይ ያላገቡ አሜሪካውያን ተጠይቀዋል። በጥናቱ መሠረት ከሚፈልጉት ሰው ጋር ሲጻጻፉ ኢሞጂ የሚያዘወትሩ ሰዎች ከመጀመሪያው ቀጠሮ በኋላም ግንኙነታቸውን የማቆየት አዝማሚያ ታይቶባቸዋል። ይህን አንብቦ ወደ ልብ መደርደር መሮጥ ግን አይገባም፤ ጥናቱ ሁለቱ ነገሮች አብረው መታየታቸውን እንጂ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን አያሳይም። ስሜቱን መግለጽ የማያስቸግረው ሰው ኢሞጂም ይልካል፣ በአካል ሲገናኝም ይጫወታል፤ ሁለተኛውን ቀጠሮ ያስገኘለት ጨዋታው ሊሆን ይችላል። የተጠየቁትም አሜሪካውያን ናቸው እንጂ የቦሌና የጎፋ ሰዎች አይደሉም።

ከዚሁ ሳልወጣ፣ ትርጉሙ ከዕድሜም ጋር እንደሚለያይ ልጠቁም። እዚህ ያደጉት የእኛው ልጆች እንባ እስኪወጣው የሚስቀውን ፊት የእናትና የአባት ኢሞጂ ነው ይሉታል፤ በእርሱ ፈንታ «በሳቅ ሞትኩ» ለማለት የራስ ቅል ይልካሉ። ይህን ያልለመደች አዲስ አበባ ያለች ሴት፣ ያውም ስለ አባት ሕመም በሚወራበት ሰሞን፣ የራስ ቅል ቢደርሳት ምን እንደሚሰማት መገመት አያስቸግርም። ኮክና ባድንጃን ደግሞ በፍቅር ጓደኝነት መተግበሪያዎች ላይ የብልግና ትርጉም ስለተሰጣቸው፣ ስለ ገበያ ካልሆነ በቀር አይላኩ።

አራት ነጥብ (አዲስ አበባ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቀኑን መለስ ብዬ ሳይ ሦስቱ ልቦች የተላኩት የካቲት 23 ነው፤ ስለዚህ የዓድዋ ልቦች ናቸው። ስለ አባቴም ዛሬ ጠዋት ጠይቃኛለች፤ ደኅና ናቸው። አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብንገናኝስ?» ብዬ ጽፌላት አውራ ጣት ብቻ አስቀምጣበታለች። ይህ እሺታ ነው ወይስ መልእክቱን አይቼዋለሁ ማለት ነው?

የልጆች አባት (ሐዋሳ)፦

ወንድሜ፣ በዚህች አውራ ጣት ከአንተ በፊት ፍርድ ቤት የቆሙ ሰዎች አሉ። በካናዳ ሳስካችዋን ግዛት አንድ የእህል ገዢ ድርጅት የተልባ ግዢ ውሉን በስልክ ፎቶ አንሥቶ ለገበሬው ቢልክለት፣ ገበሬው አውራ ጣት መለሰለት፤ ተልባውን ሳያስረክብ በቀረ ጊዜም «መልእክቱ ደርሶኛል ማለቴ ነበር» ብሎ ተከራከረ። ዳኛው ግን በ2023 አውራ ጣቷን እንደ ፊርማ ቆጥረው ከ82 ሺሕ የካናዳ ዶላር በላይ እንዲከፍል ፈረዱበት። ሁለቱ ሰዎች ለዓመታት በስልክ መልእክት ሲዋዋሉ የኖሩ ስለነበሩ ዳኛው ልማዳቸውን አይተው ነው የፈረዱት፤ አንተና እርሷ ግን ገና ልማድ የላችሁም።

በበኩሌ ይህ ሁሉ ምርመራ ከደዋዩ ስንፍና የመጣ ነው እላለሁ። እኔና ባለቤቴ ስንተዋወቅ ስልኩ የቤት ስልክ ነበር፤ የሚያነሡትም አባቷ ነበሩ፤ እንዲያም ሆኖ ተግባብተናል። ስለ አባት ሕመም የመሰለ ከባድ ነገር በጽሑፍ መላክ አልነበረበትም። ደውልላት፤ ድምፅዋን ስትሰማ እሺታውንም እምቢታውንም ታውቀዋለህ።

የጎፋ ልጅ፦

በአባታችን ምክር አንድ ነገር ላይ አልስማማም። ድምፅ ከጽሑፍ እንደሚበልጥ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሥራ ላይ ያለች ሴት፣ ባልደረቦቿ በተቀመጡበት ክፍል ውስጥ፣ ገና በመተዋወቅ ላይ ያለ ወንድ በድንገት ሲደውልላት ትሳቀቃለች፤ ስልኩን ካላነሣችው ደግሞ ሌላ የሚተረጎም ነገር ይፈጠራል። መደወል ካሰብክ አስቀድመህ «ማታ ስንት ሰዓት ልደውል?» ብለህ ጻፍላት።

አውራ ጣቷን እኔ እሺታ ነው የምለው፤ ያልፈለገች ሴት ሰበብ ትጽፋለች እንጂ አውራ ጣት አታስቀምጥም። ቢሆንም ሰዓትና ቦታ ያልተቆረጠለት ቀጠሮ አይያዝምና፣ ነገሩን ለመለየት ትርጉም መጠየቅ አያስፈልግህም። «እንግዲያው ቅዳሜ 9 ሰዓት፣ ባለፈው በተገናኘንበት ቦታ ይሁን?» ብለህ ላክላት፤ ከፈለግህ ፈገግታዋን መጨረሻው ላይ አድርግላት፤ አራት ነጥቡንም ለዚህ አንድ መልእክት ብትተወው ምንም አይጎድልብህም።