ቪትዜ ብሬከር ስታልፍ ከስር እየፋቀች ነው፣ ከየት ልጀምር?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ ጠዋት ጠዋት ሶስት ጎረቤቶቼን ከኋላ ጭኜ በቱሉ ዲምቱ በኩል ወደ ከተማ እወጣለሁ። ከወር ወዲህ ብሬከር ላይ የፊት ጎማው አልፎ የኋላው ሊወጣ ሲል ከስር ክርርር ትላለች፣ ብቻዬን ስሆን ግን ምንም የለም። እኛ ሰፈር ያለው ብሬከር ነዋሪው ራሱ በሲሚንቶ የሰራው ነው፣ ቀለም የለው፣ ቁመቱም አንዱ ካንዱ አይገናኝ፣ ለልጆቹ ስለሆነ አልቃወምም። ጋራዥ ስወስዳት ሰውየው ከስር እንኳን ሳያያት አራቱንም አሞርዛተር ቀይሪ አለኝ። ያን ሁሉ ብር ከማውጣቴ በፊት እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ።

ባለ ዲኤክስ፦ እህቴ አሞርዛተሩን ለጊዜው ተይው። መኪናውን ከፍ አድርጎ የሚይዘው ሞላ ነው፣ አሞርዛተር ስራው ሞላው ሲዘል ማረጋጋት ነው። እሱ ቢሞት ኖሮ ብሬከሩን ካለፍሽም በኋላ ሁለት ሶስቴ ትወዛወዝ ነበር። ሰው ሲጫን ብቻ ከሆነ የኋላ ሞላ ነው የምጠረጥረው። ደልዳላ ቦታ አቁሚና ከቸርኬው መሀል እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው የቦዲ ቅስት) ጠርዝ ቀጥ አድርገሽ ግራና ቀኝ ለኪ፣ ከመሬት እንዳትለኪ የጎማ ንፋስ ያሳስትሻል።

የሰበታ ልጅ፦ ጎማ ቀይረሽ ነበር እንዴ? 165/70 የነበረውን ጎኑ አጠር ባለ 175/60 ከለወጡልሽ ቸርኬው ያው 14 ኢንች ሆኖ እንኳን አንድ ሴንቲ ትወርጃለች። ቪትዝ ደግሞ ከመሬት ያላት 14 ሴንቲ አካባቢ ናት፣ ለሷ አንድ ሴንቲ ብዙ ነው።

ጠያቂ፦ ጎማው የድሮው ነው። ካለፈች በኋላም አትወዛወዝም።

መካኒክ ከለገጣፎ፦ ምኑ እንደሚነካ ሳታውቂ አንድ እቃ እንዳትገዢ። ኖራ በጥብጠሽ ብሬከሩ ላይ ወፈር አድርገሽ ቀቢ፣ እንደወትሮው ሰው ጭነሽ ቀስ ብለሽ እለፊ፣ ከዛ ከስር ነጩ የት እንደያዘ እዪ። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ላይ ከሆነ ወይ ሞላው ወርዷል ወይ ማርሚታውን የሚያንጠለጥለው የላስቲክ መያዣ ተበጥሷል። ኮፓው (ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት መያዣ) ላይ ከሆነ ግን ቀልድ የለውም፣ ከተሰነጠቀ ዘይቱ ፈስሶ ሞተር ይነክሳል። ቤንዚን ከሸተተሽ ደግሞ ጭራሽ አትንጃት። እና በክሪክ ብቻ አንስተሽ ከስር እንዳትገቢ እለምንሻለሁ፣ ክሪክ ይንሸራተታል፣ ሰው ሞቶበታል።

ባለ ያሪስ፦ ሞላው ላይ ስፔሰር (ከፍ የሚያደርግ ማስገቢያ) አስገቢ፣ እኔ ከፍ አድርጌያት ተገላግያለሁ።

መካኒክ ከለገጣፎ፦ ወንድሜ ደህና ሞላ ላይ ከሆነ ይሁን፣ የተሰበረ ሞላ ላይ ስፔሰር መጨመር በሽታውን መደበቅ ነው። ፊት ላይ ሲሆንማ አላይመንቱም (የጎማዎቹ አቅጣጫ) ይዛባል።

ጠያቂ፦ ቅዳሜ ሁሉንም አደረግኩት። የኋላ ቀኝ 36 ሴንቲ፣ ግራው 34 ሆነ፣ ኖራው ደግሞ ማርሚታው ላይ በግራ በኩል ብቻ ነው የያዘው። ሌላ ጋራዥ ሄጄ ሊፍት ላይ ስትወጣ የግራው ሞላ የታችኛው ጥምዝ ተሰብሮ ቁራጩ እዛው ቁጭ ብሏል፣ አሞርዛተሮቹ ዘይት አላፈሰሱም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ በጣም ነው የማመሰግነው። ግራውን ብቻ ልቀይር ወይስ ሁለቱንም?

መካኒክ ከለገጣፎ፦ ሁለቱንም። አዲስና አሮጌ ካቀላቀልሽ ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች። እቃ ለመግዛት ሶማሌ ተራ ስትሄጂ ቀኙን አስፈትተሽ ይዘሽ ሂጂ፣ ግራው ስለተሰበረ ቁመቱን አያሳይሽም። የሽቦውን ውፍረትና የጥምዙን ብዛት አስተያዪ፣ ቪትዝ ነው ስላሉሽ ብቻ እንዳትቀበዪ። እስክትቀይሪው ከኋላ ሰው አትጫኚ፣ ጎረቤቶችሽ ለጥቂት ቀን በታክሲ ይሂዱ።