ክርክር፦ የፈረንጅ አራዳ አሮጌ ቤቶች ይቆዩ ወይስ ይፍረሱ?

ለውይይት የቀረበው ጥያቄ፦ በጅማ ፈረንጅ አራዳ ከጣሊያን ወረራ ዘመን የተረፉት መኖሪያ ቤቶች በቅርስነት ይጠበቁ ወይስ ቦታቸው ለአዲስ ግንባታ ይዋል?

ቦታው ለግንባታ ይዋል የሚል፦
የጅማ ታሪክ ፈረንጅ አራዳ ላይ አልተጀመረም። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ቤተ መንግሥቱ ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ገበያው ከታች ሂርማታ ነበር፤ ከከፋና ከሊሙ በኩል የሚመጣው ነጋዴ ቡናውንና ዝባዱን ጭኖ የሚወርደው ለሐሙስ ገበያ ነው። ጣሊያን ከ1929 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየባቸው ጥቂት ዓመታት ነጩን ከአገሬው ለይቶ ለማስፈር የቀየሰውን ሰፈር በሕዝብ ገንዘብ የምናስጌጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ይጠበቁ የሚል፦
ወንድማችን ስለ ጅሬንና ስለ ሂርማታ የጻፉት እውነት ነው፤ በመደምደሚያቸው ግን አልስማማም። ጣሊያኖች ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት መቀመጫ ሲያደርጓት ከተማውን የተከሉት ሂርማታ ላይ ነው፤ ቡናውም የነጋዴው መንገድም ቀድሞ የሚገናኘው እዚያ ስለነበር ፈረንጅ አራዳን ከአባ ጅፋር ገበያ ነጥሎ ማየት አይቻልም። በዚያ ገበያ ባሪያ ይሸጥ እንደነበር እያወቅን፣ ታሪኩ አሳፋሪ ነውና ይፋቅ ያለ ሰው እስካሁን አልሰማሁም። የዘር መለያየቱም በሕግና በፕላን የተደነገገ ስለነበር፣ ሰፊ ግቢ መሀል ብቻውን የቆመው ቤት ለማን እንደተሠራ፣ ተጠጋግቶ የተሠራው የአገሬው ቤት ደግሞ የት እንደቀረ በእግሩ ዞሮ የሚያይ ተማሪ ነገሩን ከማንኛውም ገለጻ በላይ ይረዳዋል። ደግሞስ ጣሊያን በእነዚህ ቤቶች የኖረው አምስት ዓመት እንኳ አይሞላም፤ እኛ ግን ከሰማንያ ዓመት በላይ ኖረንባቸዋል።

በቀበሌ ቤት የሚኖር ተከራይ፦
ሁለታችሁም ስለ ጣሪያው አላነሳችሁም። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ እኔን መሰሉ ተከራይ የሚከፍለው ኪራይ ትንሽ ነው፤ በዚያ ገንዘብ የሚጠገን ነገር ግን የለም። አሸንዳው ስለበሰበሰ የክረምቱ ውኃ በቀጥታ የግድግዳውን ሥር ይመታል፣ ልስኑ እየረገፈ ጭቃው ይታያል፤ በረንዳውንም ቤተሰቡ ሲበዛ በቆርቆሮ ዘግተን ክፍል አድርገነዋል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ተብሎ የተመዘገበን ቤት ያለ ፈቃድ መንካት ስለማይቻል፣ ጠጋኝ ሳይመደብ ቅርስ መባሉ ለእኔ ሌላ ክልከላ ነው።

ይጠበቁ የሚል፦
ተከራዩ ያነሱት ነጥብ ከእኔና ከወንድማችን ሙግት ይበልጣል። ስለዚህ ሐሳቤን ላጥብበው፦ ሁሉም ቤት ይመዝገብ አልልም፤ መጀመሪያ በረንዳቸውና ግቢያቸው ያልፈረሰባቸው ይለዩ፣ የሚመዘገበውም የጥገና በጀት የተያዘለት ብቻ ይሁን፣ በቀሪው ግቢ ደግሞ ነባሩ ነዋሪ ሳይፈናቀል እንዲገነባ ይፈቀድ።

ቦታው ለግንባታ ይዋል የሚል፦
በጀቱ ከጅሬኑ ቤተ መንግሥት ጥገና የማይቀነስ ከሆነ አልቃወምም። የሚቀነስ ከሆነ ግን አቋሜ ያው ነው።