አውሮፓ ለገባ አዲስ ሰው፦ የትኛውን ዜና ልከታተል?

ሰሞኑን ስቶክሆልም የገባች የአክስቴ ልጅ «ቋንቋውንም አገሩንም የሚያስለምደኝ ምን ልከታተል?» አለችኝ። እኔ ያለሁት ጀርመን ነው። ነገሩ አገር ለአገር ስለሚለያይ ለሁላችሁም ልጻፈው።

ጀርመን ውስጥ ቲቪ ባይኖራችሁም ለሕዝብ ሬዲዮና ቲቪ ትከፍላላችሁ። መኖሪያዬን እንዳስመዘገብኩ ደብዳቤ መጣ። «ቲቪ የለኝ፣ ምን አገባኝ» ብዬ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ቀጣዩ ከነቅጣቱ መጣ። ክፍያው በወር 18.36 ዩሮ ሲሆን የሚቆጠረው በሰው ሳይሆን በቤት ነው። ስለዚህ ሦስት ሆናችሁ አንድ ቤት ከተከራያችሁ አንዱ ይክፈል፣ ሌላው ያዋጣ። (እኛ ቤት ሁለት ሰው ለየብቻ ሲከፍል ከረመ፤ እሱ አይነሳ!) አንዳንድ የመንግሥት ድጎማ የምታገኙ አመልክታችሁ ነፃ መሆን ትችላላችሁ።

ከተከፈለ አይቀር እንጠቀምበት። «ታገስሻው» ከ1952 ጀምሮ ያለ የቲቪ ዜና ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ማታ በ8 ሰዓት፣ በሀበሻ 2 ሰዓት መሆኑ ነው፣ ሩብ ሰዓት ብቻ። ፎቅ ላይ ያሉት እናት በዚያች ሩብ ሰዓት በር ቢንኳኳም አይከፍቱም። ለጀማሪ ግን ይፈጥናል። ዶይቸ ቬለ ዜና ቀስ ብሎ እያነበበ ከነጽሑፉ በነፃ ያወጣል፤ እኔን ያወጣኝ እሱ ነው። የአማርኛው ክፍል ከ1965 ጀምሮ እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ጀርመንኛ ለመልመድ ግን እሱን ለጊዜው ዝጉት።

ስዊድን ደብዳቤ የለም። ከ2019 ወዲህ ከገቢ ላይ አንድ በመቶ፣ ጣሪያ ተበጅቶለት፣ ከግብር ጋር ይቆረጣል። በቀላል ስዊድንኛ የሚዘጋጅ «ኦታ ሲዶር» የሚባል ጋዜጣ አለ፤ «ስምንት ገጽ» ማለት ነው። እሷን ከዚያ ጀምሪ አልኳት። ማታ ደግሞ ኤስቪቲ ፕሌይ፣ የስዊድን የሕዝብ ቲቪ በኢንተርኔት ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስቀናኛል። ስዊድኖች የውጭ ፊልም በራሱ ድምፅ ትተው ከሥር ጽሑፍ ያስገቡበታል። እንግሊዝኛ ለምትሰማ ልጅ ነፃ መዝገበ ቃላት ነው። ጀርመንና ጣሊያን ግን እንደ ቃና ድራማ ድምፁን ይተኩታል። የአሜሪካ ፖሊስ ጀርመንኛ ሲያቀላጥፍ መጀመሪያ ያስቃል። ለጆሮ ግን አይከፋም፤ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀዳ ጥርት ያለ ቋንቋ ነው።

ጣሊያን ከ2016 ጀምሮ የቲቪውን ክፍያ ከመብራት ሂሳብ ጋር አያይዞታል። «መብራቱ ለምን ተወደደ» የምትሉ ወረቀቱን በደንብ እዩት። የሕዝብ ቲቪው ራይ ላይ ፓርቲዎች ወንበር ይከፋፈላሉ የሚለው ሐሜት የቆየ ነው፤ ሌላ ጋዜጣም ደርቡበት። እንግሊዝ ቀጥታ ቲቪ ወይም የቢቢሲን አይፕሌየር ያለ ቲቪ ፈቃድ (የሚከፈልበት ነው) ማየት ያስከስሳል፤ ስልክ ላይም ቢሆን።

ሆላንድ ያላችሁ «ዩግድዡርናልን» አትናቁት። የልጆች ዜና ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ አጭር፣ ሥዕሉ ብዙ። ልጅ ባይኖራችሁም እዩት፤ ማንም አይጠይቃችሁም።