የነርሲንግ ትምህርት ፍልስፍናዬን ከክርስትና እምነቴ ተነስቼ ልጽፍ ብዬ ተያዝኩ፣ እስቲ አግዙኝ

ጦሳ ሥር

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነው ያለሁት፣ ነርስ ነኝ፣ ዋርድ (የሆስፒታል አልጋ ክፍል) ላይ ስምንት ዓመት ሠርቼ አሁን ተማሪዎችን ክሊኒካል ፕራክቲስ ላይ አስተምራለሁ፣ በጎን ደግሞ ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። አንድ አሳይንመንት ተሰጠን፣ "የራሳችሁን የነርሲንግ ትምህርት ፍልስፍና ጻፉ" የሚል፣ ሦስት ገጽ። ያው የነርሲንግ መሠረት የሚባሉት አራቱ አሉ አይደል፣ ሰው፣ ጤና፣ አካባቢ፣ ነርሲንግ፣ ስለነሱ ምን እንደምታምኑ ጻፉ፣ ከዚያ ላይ ተማሪው ማነው፣ አስተማሪዋስ ማናት፣ ምዘናስ ለምንድነው የሚለውን ጨምሩበት ተባለ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ሰው ምንድነው ስባል እምነቴን ትቼ የምመልሰው መልስ የለኝም፣ ስለዚህ ማቴዎስ 25ን፣ ደጉን ሳምራዊ፣ ጌታ የሐዋርያትን እግር ማጠቡን እያነሳሁ ጻፍኩት። መምህሩ የመለሰልኝ አንድ መስመር ነው፦ "ስብከቱ ጥሩ ነው፣ ትምህርቱ የታለ?"

መጀመሪያ በጣም ነው የተናደድኩት። ከዚያ ግን አንድ ነገር ገጠመኝና ንዴቱ ጠፋ።

አንዲት የምወዳት ተማሪ አለችኝ፣ ጾም የማትሽር፣ ጸሎት የማታስታጉል፣ ታማሚ ስታይ እንባዋ የሚቀድማት። ሜዲካል ዋርድ ላይ ከአምባሰል የመጡ አንዲት እናት ቻርት ሳገላብጥ 4 ሰዓት ላይም 8 ሰዓት ላይም ቢፒ (የደም ግፊት) 120 በ80፣ ሙቀት 36.5 ተብሎ ተሞልቷል፣ እኔ እጃቸውን ስይዝ ግን ይፋጃሉ። ስለካ 39.2። ልጅቷን ጠርቼ ስጠይቃት አንገቷን ደፋች፣ አልለካችም። ከሷ በላይ ያመመኝ ደግሞ ሎግ ቡኳን (የተለማመደችው ሥራ ተሞልቶ የሚፈረምበትን ደብተር) ስከፍት "ቫይታል ሳይን፣ ብቁ" የሚለው ሁሉ ሥር ያለው የኔ ፊርማ ነው፣ አጠገቧ ቆሜ ሳላይ የፈረምኩት።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው፣ ክርስቲያናዊ የነርሲንግ ትምህርት ሲባል በተግባር ምን ማለት ነው? ክፍሉን በጸሎት መጀመር ነው? ለታማሚው መጸለይ ነው? ተማሪዎቼ ደግሞ ግማሾቹ ሙስሊም ናቸው፣ ወሎ ነው እንግዲህ። የዚያችን ልጅ ነገርስ በየትኛው ገጽ ላይ ነው የምጽፈው?

አዝዋ ገደል

እህቴ ጥያቄሽ ትልቅ ነው፣ የምችለውን ልሞክር፣ ነርስም ነኝ ሰንበት ትምህርት ቤትም አስተምራለሁ።

መነሻው ሰው አርአያ እግዚአብሔር ነው የሚለው ነው፣ ይሄ ሁሉም ክርስቲያን የሚስማማበት ነው፣ ኦርቶዶክስ በይው ጴንጤ በይው ካቶሊክ። ግን መነሻ ነው እንጂ መድረሻ አይደለም፣ መምህርሽ የጠየቀሽም ከዚህ ተነስተሽ የት ደረስሽ ነው ብዬ አስባለሁ። ቅዱስ ባስልዮስን ተመልከቺው፣ ቅዳሴውን እኛም እንቀድሰዋለን፣ 4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ላይ ቂሳርያን ረሃብ ከመታት በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ የበሽተኛ ማረፊያ፣ የእንግዳ ቤት፣ ለምጻሞች የሚታከሙበት ቤት ሠርቶ ሐኪምና አስታማሚ ቀጥሮበታል። ስብከቱማ ከማንም በላይ ነበረው፣ ግን አልጋ ዘረጋ፣ ባለሙያ ቀጠረ።

መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ንም አንብቢ፣ ባለመድኃኒቱን አክብረው፣ እሱንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እሱ ነው ይላል። ይሄን ለተማሪ ማስተማር ለኛ አገር የቅንጦት ነገር አይደለም። ጸበል ሊሄድ ብሎ የኤችአይቪ ወይ የቲቢ መድኃኒቱን ያቆመ ሰው ያላስታመመ ነርስ እዚህ አለ? አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው በግልጽ ተናግረዋል። ተማሪሽ ይሄን ካላወቀች ወይ ታማሚውን ታመናጭቀዋለች ወይ መድኃኒቱን ሲያቆም ዝም ብላ ታየዋለች፣ ሁለቱም ጥፋት ነው።

የዘመናዊ ነርሲንግ መሥራች የምትባለውን ፍሎረንስ ናይቲንጌልን ደግሞ አንርሳ። እግዚአብሔር ጠርቶኛል ብላ የተነሳች ሴት ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1851 ጀርመን ካይዘርስቨርት ሄዳ ፓስተር ፍሊድነር ያቋቋመው የዲያቆናዊት ሴቶች ቤት ውስጥ ተማረች፣ በ1854 ወደ ክራይሚያ ጦርነት 38 ሴቶች ይዛ ስትሄድ ካቶሊክ መነኮሳትም አንግሊካን እህቶችም አብረው ነበሩ። በ1860 ለንደን ሴንት ቶማስ ሆስፒታል የከፈተችው ትምህርት ቤት ግን የአንድ ሃይማኖት ክፍል ትምህርት ቤት አልነበረም። እሷ ራሷ ደግሞ ቆጣሪ ነበረች፣ ስንቱ ሞተ፣ በምን ሞተ እያለች ትመዘግብ ነበር፣ በቁጥር ውስጥ የእግዚአብሔር ሕግ ይታያል ብላ ነበር የምታምነው። የተማሪሽን 36.5 ከዚህ ጋ አያይዢው።

የቦሩ ሜዳዋ ሲስተር

ልጄ፣ እኔ ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ፣ ስልኩንም የሚከፍትልኝ የልጅ ልጄ ነው፣ ግን ይሄን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ቦሩ ሜዳ ሚሲዮኖቹ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የከፈቱት ቤት መሆኑን ታውቂያለሽ። እኔ እዚያ ነው እግር ማጠብ የተማርኩት፣ እንደ ጸሎተ ሐሙስ ያለ የአንድ ቀን እጥበት አይምሰልሽ፣ በየቀኑ ነው። የሥጋ ደዌ ታማሚ እግሩ አይሰማውም፣ እሾህ ገብቶ ይውላል፣ ድንጋይ ልጦት ያድራል አያውቅም። ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ይነከራል፣ የደደረው ይፋቃል፣ ቫዝሊን ይቀባል፣ ከዚያ እያንዳንዷ ጣት ተከፍታ ትታያለች። ያስተማረችን ሲስተር ከታማሚው ዝቅ ያለ ዱካ ላይ ነበር የምትቀመጠው። ስለ ትሕትና አንድ ቀን ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። በጣት መሃል ያለ ቁስል ሳናይ ካለፍን ግን ሂዱና እንደገና እዩ ትለናለች፣ ሦስቴም አራቴም ቢሆን፣ እሷም አብራን ተመልሳ ቁጭ ትላለች።

በ77 ድርቅ ጊዜ ደግሞ ኮረም ነበርኩ፣ የያኔው ወሎ ክፍለ ሀገር። ልጆቹ ይመዘናሉ፣ ቁመታቸው ይለካል፣ ክብደቱ ለቁመቱ ስንት ፐርሰንት ነው ተብሎ ነው ማን ወደ ምግቡ እንደሚገባ የሚወሰነው። ይገባሻል ልጄ? ግማሽ ኪሎ አሳስተሽ ከጻፍሽ ያ ልጅ አይበላም። ደክሞሻል፣ ሰልፉ አያልቅም፣ እናቲቱ እጅሽን ይዛ ታለቅሳለች፣ አንቺም ታለቅሻለሽ፣ ግን ሚዛኑን ዜሮ ላይ መልሰሽ እንደገና ነው የምታነቢው። አንድ ጎበዝ ልጅ አብራን ነበር፣ አዝኖ ለአንዱ ልጅ ክብደቱን ቀንሶ ጻፈለት እንዲገባ ብሎ። ወንድሜ ሙት ከልቡ ነው ያዘነው። ግን ቦታው የተቆጠረ ነው፣ የዚያ ቦታ ባለቤት ሌላ ልጅ ነበር። እኔ እስካሁን ያ ሁለተኛው ልጅ ትዝ ይለኛል፣ ፊቱን ሳላየው።

ተማሪሽ የምታለቅስ ልጅ ናት ብለሻል። እንባዋን አትንኪባት፣ ግን አብረሽ ቁጭ በይና ለኪ።

የቦርከና ልጅ

እህት ዓለም አብሽሪ። ኮምቦልቻ ነኝ፣ ነርስ ነኝ፣ ሙስሊም ነኝ፣ በአባቴ በኩል ያሉ አያቴ ክርስቲያን ነበሩ፣ ወሎ ውስጥ ይሄ ማስረዳት አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ያ ማቴዎስ 25 ላይ "ታምሜ ጠየቃችሁኝ" የሚለው እኛም ጋ አለ። ሶሒሕ ሙስሊም በሚባለው የሐዲስ መጽሐፍ ውስጥ ባለ ሐዲስ ቁድሲ (ነቢዩ ከአላህ ያስተላለፉት ቃል) አላህ በትንሣኤ ቀን የአደም ልጅ ሆይ ታምሜ አልጠየቅከኝም ይለዋል፣ ሰውየው አንተ የዓለማት ጌታ ሆነህ እንዴት እጠይቅሃለሁ ሲል ባሪያዬ እገሌ ታሞ ነበር፣ ብትጠይቀው ኖሮ እሱ ዘንድ ታገኘኝ ነበር ይባላል። ሩፈይዳ የምትባል ሶሓቢያ (የነቢዩ ሙሐመድ ባልደረባ) አለች፣ መዲና መስጊዱ አጠገብ ድንኳን ተክላ ቁስለኛ የምታክም፣ በኸንደቅ ጦርነት ጊዜ ሌላው ባልደረባ ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ ሲቆስል ወደሷ ድንኳን ነው የተወሰደው። ለክፍልሽ ናይቲንጌልን ስታነሺ እሷንም አንሺያት፣ ሙስሊም ተማሪዎችሽ ሙያው የነሱም ቤት እንደሆነ ይወቁ።

ሁለት ነገር ግን በግልጽ ልበልሽ፣ ቅር አይበልሽ። አንደኛ አንቺ ነጥብ ሰጪ ነሽ። ጸሎት እናድርግ ስትዪ ተማሪ እምቢ ማለት አይችልም፣ የሚስቅልሽ ሁሉ ወዶ አይደለም። እኔ ተማሪ ሆኜ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መምህር እምነቱን ከሚጋሩት ጋ ብቻ ሻይ እየጠጣ እነሱን ብቻ ሂደቱን ደጋግሞ ያሳያቸው ነበር፣ እኛ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ማስገባት ከሲኒየር ነው የለመድነው። ሁለተኛ አልጋ ላይ ያለ ሰውም እንደዚያው ነው፣ መርፌ የያዘን ሰው እምነትህን አልፈልግም ማለት ያስፈራዋል። ከጠየቀሽ ጸልዪለት፣ ሳይጠይቅሽ ግን ቄሱን ወይ ሼሁን ልጥራልህ ወይ በይው። አሜሪካዊቷ የነርሲንግ ምሁር ቨርጂኒያ ሄንደርሰን ከጻፈቻቸው 14 መሠረታዊ ፍላጎቶች 11ኛው እኮ ሰው እንደ እምነቱ እንዲያመልክ መርዳት ነው፣ እንደሱ እምነት፣ እንደ ነርሷ አይልም። አልጋውን ወደ ቂብላ (ሙስሊም ሲሰግድ ወደሚዞርበት የመካ አቅጣጫ) ማዞርም የነርስ ሥራ ነው፣ በጾም ሰዓት መድኃኒቱ እንዴት ይሁን ብሎ ከሐኪሙ ጋ መነጋገርም።

ይሄን ካደረግሽ ፍልስፍናሽ ክርስቲያናዊ ነው ብለሽ ብትጽፊ እኔ አንቺ ሥር ብማር ደስ ይለኛል።

ዱቲ ላይ

ሁላችሁም የጻፋችሁት ጥሩ ነው ግን አንድ የተረሳ ነገር አለ። ያቺ ተማሪ ስንት ቢፒ አፓራተስ ነበራት? እኛ ጋ ለዋርዱ አንድ ነው የሚሠራው፣ ቴርሞሜትሩም አንዴ ይገኛል አንዴ ይጠፋል፣ ተማሪው ደግሞ አሥራ ምናምን፣ ሎግ ቡኩ ይሄን ያህል ኬዝ ሙሉ ይላል፣ ካልሞላ አያልፍም። ታዲያ ምን ትሁን? ውሸቱን ማነው ያስተማራት? ሌላው ጥሪ ጥሪ የምትሉት ነገር፣ ነርሲንግ ጥሪ ነው እኔም አምናለሁ፣ ግን የዱቲ (የተጨማሪ ተረኛ ሥራ) ክፍያ ለወራት ቆይቶ ስንጠይቅ "ይሄ እኮ የተቀደሰ ሙያ ነው" ያሉን ኃላፊ ነበሩ። ለሠራተኛ ደሞዙ ይገባዋል የሚለውም ወንጌል ነው፣ ሉቃስ 10፣ ደጉ ሳምራዊ ያለበት ምዕራፍ ላይ። ሳምራዊውም ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሁለት ዲናር ከፍሎ ነው የሄደው፣ በነፃ አስታምልኝ አላለውም። ይሄንንም ጻፊው።

ጦሳ ሥር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ ሲስተር እርስዎን ደግሞ እጅዎን ልስም፣ የኮረሙን ሳነብ ቁጭ ብዬ ነው ያለቀስኩት። ዱቲ ላይ ያልከው እውነት ነው፣ ያን ቀን ቢፒ አፓራተሱ ሌላ ዋርድ ተወስዶ ነበር፣ ልጅቷ ለመጠየቅ ፈራች፣ ባዶ ከምተወው ብላ ሞላችው። እኔን ነው የፈራችው። ክፍል ውስጥ ሎግ ቡክ ያላሟላ ሰው ስም ጮክ ብዬ እጠራ ነበርና።

እንደገና ጻፍኩት። ጥቅሶቹን አልሰረዝኳቸውም፣ ግን እያንዳንዱ ሥር ዋርድ ላይ ምን እንደማደርግ አስገባሁ። ሰው አርአያ እግዚአብሔር ነው ካልኩ በኋላ፦ "ስለዚህ የታማሚን ቁጥር ሳይለኩ መጻፍ ያንን ሰው አለማየት ነው፤ ተማሪ ያልለካውን 'አልለካሁም' ብሎ ምክንያቱን ቢጽፍ ነጥብ አይቀነስበትም፤ ቁጥር ከራሱ የፈጠረ ግን ያልፋል ማለት አይቻልም፣ ከአስተማሪው ጋር አልጋው አጠገብ ቆሞ ደግሞ ይለካል።" ምዘና የሚለው ሥር ደግሞ ንስሐን አነሳሁ። እኛ ቤት ሰው ኃጢአቱን የሚናገረው ካህኑ እንዲያዋርደው ብሎ አይደለም፣ ቀኖናውን ተቀብሎ እንዲመለስ ነው፣ የመድኃኒት ስህተት የሠራ ተማሪም ቶሎ ተናግሮ ታማሚው የሚተርፍበት መንገድ ከሌለ ስህተቱ ተደብቆ ይቀራል ብዬ ጻፍኩ። አስተማሪዋ ማናት የሚለው ላይ "ሳላይ አልፈርምም" ብቻ ነው ያልኩት፣ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

የቦርከና ልጅ፣ ሩፈይዳን አስገብቻታለሁ፣ የጸሎቱንም እንዳልከው አስተካክዬዋለሁ፣ ክፍል በጸሎት አልጀምርም፣ የአንድ ደቂቃ ዝምታ ነው የማደርገው፣ ሁሉም በልቡ የፈለገውን ይበል። የዱቲ ክፍያውን ነገር አካባቢ የሚለው ክፍል ውስጥ ከመሣሪያ እጥረቱ ጋ አድርጌዋለሁ፣ ትንሽ ረዘመ።

እናቲቱ ወባ ተገኝቶባቸው መድኃኒት ጀምረው ሙቀታቸው ወርዷል፣ ትናንት ሾርባ ጠጡ። ልጅቷ ይቅርታ ልትጠይቃቸው ሄዳ እሳቸው ምኑን እንደሆነ ስላልገባቸው "ተባረኪ ልጄ" ብለው መረቋት፣ ምርቃቱ ጭራሽ አሸማቀቃት መሰለኝ። ሰኞ 2 ሰዓት ላይ ሎግ ቡኳን ይዛ ትመጣለች፣ ከመጀመሪያው ገጽ እንጀምራለን፣ አንድ አፓራተስ ከሲ ዋርድ ለምኜ አስቀምጫለሁ።

የቦሩ ሜዳዋ ሲስተር

ዱካ ይዘሽ ሂጂ።